ስለ ሌሊት ጭፈራና ስለ ማለዳ ልምምድ

ሰው ሰውነቱን በልምምድ ማጠንከሩ፥ መንፈሱንም በተገባ ደስታ ማሳረፉ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለት መልካም ነገሮች ባንድ ጊዜና ባንድ ሰውነት ላይ ሲሻሙ፥ ልክና ሥርዓት ካልተበጀላቸው መልካምነታቸው ወደ ጉዳት ይለወጣል። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ይህን የመሰለ ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ፥ እንዲሁም በውጭ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፥ ቀን በመሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ውለው ማታ ወደ ዳንስ አዳራሽ የሚሄዱ፥ ጎሕ ሲቀድም ዋናን፥ ቢስክሌትንና ሩጫን ባንድነት ለያዘው፥ ትራያትሎን ለሚባለው ውድድር የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ።

ከነዚህ አንዱን፥ ስሙን መግለጽ ሳያስፈልገን፥ እናውቀዋለን። በሥራው የተመሰገነ፥ መጠጥ የማያበዛ፥ ታላላቆቹን የሚያከብር ወጣት ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊት ሳልሳ የሚባለውን ዳንስ ሲደንስ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይቆያል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ተነሥቶ ቢስክሌቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ይወጣል። አንድ ቀን ማለዳ ከተራራው ቁልቁል ሲወርድ፥ እርሱ እንደሚለው ለዓይን ጥቅሻ ያህል፥ እንቅልፍ ጣለው። ሲባንን ቢስክሌቱ መሥመሩን ስቶ፥ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ወደ አንዲቱ እየበረረ ነበር። መሪውን ጠምዝዞ ከቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ፤ ሴቲቱ ግን ከነሸክሟ ተረፈች።

ሊጠይቁት የሄዱት ወዳጆቹ በአልጋው አጠገብ ሁለት ወገን ሆነው ተከራከሩ። ግማሾቹ «ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ጭፈራውን ተው» አሉት። ግማሾቹም «ይህን የፈረንጅ ውድድር ምን አመጣብህ፤ እርሱን ተውና እንደ ሰው ተጫወት» አሉት። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አላዩትም እንላለን። ምክንያታችንንም ለአንባቢዎቻችን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

አስቀድሞ የሁለቱን ነገሮች ምንነት ማወቅ ይገባል። ትራያትሎን የተባለው ውድድር በዚህ ስሙ የተጀመረው በአሜሪካ አገር በሳንዲያጎ ከተማ፥ ሚሽን ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበረ፤ ጊዜውም ሠራተኛው ከሥራ ከወጣ በኋላ ወደ ማታ ነበረ። በዚያ ዕለት 46 ሰዎች ሮጡ፥ ቢስክሌት ነዱ፥ ዋኙም። እንግዲህ ውድድሩ ከመነሻው የሠራተኛ ሰው ጨዋታ እንጂ የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በሐዋይ ደሴቶች ከጓደኞቹ ጋር፥ ከዋናተኛ፥ ከቢስክሌተኛና ከሯጭ ማን በጉልበት ይበልጣል በሚል ነገር ተከራከረ፤ ክርክሩንም ለመቁረጥ ሦስቱ ባንድ ቀን እንዲደረጉ አሳብ አቀረበ። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. 15 ሰዎች 3.8 ኪሎ ሜትር በባሕር ሊዋኙ፥ 180 ኪሎ ሜትር በቢስክሌት ሊጓዙ፥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሊሮጡ ተነሡ፤ የፈጸሙት 12 ብቻ ናቸው። ጎርደን ሃለር የተባለው በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ቀዳሚ ሆነ። ጆን ደንባር የተባለው ተፎካካሪው ሲመራ ቆይቶ፥ በሩጫው ላይ ረዳቶቹ የያዙት ውሃ ቢያልቅባቸው ቢራ ሰጡት፤ እርሱም 33 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። አጭሩ ውድድር፥ ማለት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፥ 40 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለበት፥ በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ በኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ ገብቶአል። ለረጅሙ ውድድር የሚዘጋጅ ሰው በሳምንት አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ ለልምምድ መስጠት የተለመደ ነው። ይህም ሁሉ ትዕግሥትንና ራስን መግዛትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው።

ጭፈራውንም በንቀት ማየት አይገባም። እዚህ ላይ የምንናገረው ለትርኢት ስለሚደረገው ሳይሆን፥ ሰዎች ለመተዋወቅና ለመደሰት ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚደንሱት ዳንስ ነው። በኒውዮርክ ከተማ በሃርለም ሠፈር ሳቮይ የሚባለው አዳራሽ ከ1926 እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ፥ ጥቁርና ነጭ በብዙ ስፍራ ተለያይተው እንዲኖሩ በሚገደዱበት ዘመን ሁለቱን ባንድ ወለል ላይ ያስደንስ ነበር። በዚያ አዳራሽ ስመ ጥር የነበረው ፍራንኪ ማኒንግ፥ የዳንሱ ዘመን ሲያልፍ በመንግሥት ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ረጅም ዘመን አገለገለ፤ ካረጀ በኋላም ወጣቶች ፈልገው አገኙትና እንደገና መምህር ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የሞተው 95 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እንግዲህ ዳንስና የመንግሥት ሥራ ባንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊስማሙ እንደሚችሉ ይህ ሰው ምስክር ነው።

የሌሊት ዳንስ ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደበት ከተማ ግን በአርጀንቲና አገር ያለው ቦነስ አይረስ ነው። በዚያ ታንጎ የሚደነስበት ስብሰባ ሚሎንጋ ይባላል። ብዙው ሚሎንጋ የሚሞቀው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የሚበተነውም ሊነጋ ሲል ነው። ሥርዓቱ የጠበቀ ነው፤ ጥንዶቹ ሁሉ ወለሉን ወደ አንድ አቅጣጫ እየዞሩ ይደንሳሉ፤ ሦስት ወይም አራት ዘፈን አብረው ከደነሱ በኋላ ይለያያሉ፤ አንዱ ሌላውን መግፋትና መርገጥ ነውር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ታንጎን የአርጀንቲናና የኡራጓይ ሕዝብ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ስለ ጤናም ቢሆን፥ በ2003 ዓ.ም. የታተመ የሐኪሞች ጥናት ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሽማግሌዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፥ ሰውነትን ከሚያንቀሳቅሱት መዝናኛዎች መካከል ከአእምሮ መድከም መራቅ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ መሆኑን ገልጿል። ይህ ብቻውን ዳንስ መድኃኒት ነው ለማለት አያበቃም፤ ዳንስ ከንቱ ነው የሚለውን ግን ዝም ያሰኛል።

እንግዲህ ሁለቱም መልካም ከሆኑ ጥፋቱ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ መልሳችን ይህ ነው። ጭፈራና ልምምድ እርስ በርሳቸው አልተጣሉም፤ ሁለቱም ባንድነት የተጣሉት ከእንቅልፍ ጋር ነው። ወጣቱ ከጭፈራው ሰዓት ሳይቀንስ፥ ከልምምዱም ሳይቀንስ፥ ከመሥሪያ ቤቱም ሳይቀር ሦስቱን የሞላው፥ ባለቤት የሌለው የመሰለውን የእንቅልፍ ሰዓት እየወሰደ ነው። እንቅልፍ ግን ባዶ መሬት አይደለም፤ ባለቤት አለው፤ ግብሩንም ሳይሰበስብ አይቀርም።

የዕውቀት ሰዎች መርምረው ያገኙት ነገር ይህን ያስረዳል። ሰውነትን የሚገነባውና የደከመውን ጅማት የሚጠግነው የዕጢ ፈሳሽ በብዛት የሚረጨው፥ ሰው በተኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ስለዚህ በልምምድ የሚገኘው ጉልበት የሚዘራው በመንገድና በውሃ ውስጥ ሲሆን፥ የሚታጨደው ግን በአልጋ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ያህል በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ለሳምንታት ሲታዩ፥ ሩጫቸው ከ16.2 ሴኮንድ ወደ 15.5 ሴኮንድ ፈጠነ፤ ኳስ ወደ ቅርጫቱ መጣላቸውም ከመቶ ዘጠኝ እጅ ተሻሻለ። ልምምድ ሳይጨመርላቸው፥ እንቅልፍ ብቻ ተጨምሮላቸው ይህን ካገኙ፥ እንቅልፉን ቀንሶ ልምምድ የሚጨምር ሰው ባንድ እጁ የሚሠራውን በሌላው እጁ ያፈርሳል ማለት ነው።

ወጣቱ ግን «እኔ ለምጄዋለሁ፤ ድካምም አይሰማኝም» ይላል። ይህ ክርክር ከሁሉ የሚያሳስት ስለ ሆነ ልናቆምበት ይገባናል። በ2003 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ምርመራ፥ ሰዎች ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ እየተኙ ንቃታቸው በየቀኑ ይለካ ነበር። በመጨረሻ የደረሰባቸው ጉድለት ጨርሶ ሳይተኙ ካደሩ ሰዎች ጉድለት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ጥቂት እንቅልፍ ብቻ እንደሚሰማቸው ይመልሱ ነበር። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣ ሰው በራሱ ድካም ላይ የታመነ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሰካራም «አልሰከርሁም» ሲል ማንም እንደማያምነው፥ ይህም እንደዚያው ነው።

የሰካራምን ነገር ያነሣነው ለምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 የአልኮል መጠን እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል፤ 24 ሰዓት የቆየውም ከመቶ 0.10 እንዳለበት ሰው ይሆናል። በብዙ አገር 0.05 ያለበት ሰው መኪና እንዳይነዳ በሕግ ተከልክሏል። ንጋት ላይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ሲሠራ የዋለ ሰው፥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓቱን ፈጽሟል፤ ሚሎንጋው ግን ገና መሞቁ ነው። ጠጅ ያልቀመሰ፥ ራሱንም ንጹሕ አድርጎ የሚቆጥር ሰው፥ ሰካራም መንዳት የማይፈቀድለትን መንገድ በቢስክሌት ወይም በመኪና ይዞ ይወጣል። ከእንጦጦ በእንጨት ሸክም የምትወርደው ሴት ይህን ጭፈራ አልጨፈረችም፤ ለውድድሩም ስሟን አላስመዘገበችም፤ ዕዳውን ልትከፍል የነበረችው ግን እርስዋ ናት። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ከመንገድም ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ከሩቅ አገር ተነሥቶ፥ ስንቁን ጨርሶ፥ ለአቤቱታ ከጠረጴዛው ፊት የቆመው ባለጉዳይ፥ ጸሐፊው ዓይኑን እያሸ «ነገ ተመለስ» ሲለው፥ የሌሊቱን ጭፈራና የማለዳውን ሩጫ ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው። በሕዝብ ደመወዝ የሚኖር ሰው ንቃቱም በከፊል የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

ሌሊትን በእግር ቆሞ ማንጋት ምን እንደሆነ ከካህናቶቻችን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማኅሌት የእግዚአብሔር ምስጋና ነው፤ ዳንስ የሰው ጨዋታ ነው፤ ሁለቱን ልናመሳስል አሳባችን አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን ሌሊቱን በመቋሚያና በጸናጽል የሚያነጉበት ጊዜ በቀመር የታወቀ፥ በበዓላት የተወሰነ ነው፤ ሁሉ ሌሊት አንድ ዓይነት አይደለም። ለተቀደሰው ነገር እንኳ ቀን ከተቆረጠለት፥ ለጨዋታችን ቀን ሳንቆርጥለት እንደ ዘፈኑ ብዛት ማደራችን ምን ያህል ከሥርዓት የራቀ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ሁለቱንም ለሚወድ ሰው የምንመክረው፥ አንዱን ፈጽሞ እንዲተው አይደለም፤ ለሁለቱም ቀንና ሰዓት እንዲቆርጥላቸው ነው። በመጀመሪያ፥ ከሳምንቱ አንዲት ሌሊት ለረጅሙ ጭፈራ ትለይ፤ የማግሥቱም ማለዳ የዕረፍት ማለዳ ይሁን፤ ያን ቀን ቢስክሌት ከቤት አይውጣ፤ ብቻውንም ወደ ጥልቅ ውሃ አይግባ። በሌሎቹ ሌሊቶች ወደ አዳራሽ ቢሄድ፥ የሚወጣበትን ሰዓት ከመግባቱ በፊት ይወስን፤ ዘፈን እየሰሙ የሚወሰን ውሳኔ ሁልጊዜ «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚል ነውና። ሁለተኛ፥ ዓመቱን በወራት ይክፈለው፤ ውድድሩ ሲቃረብ ጭፈራው ይቀንስ፤ ውድድሩ ሲያልፍ ልምምዱ ይቅለልና ጭፈራው ይብዛ። ገበሬ የሚያርስበትና የሚደግስበት ወር የተለያየ መሆኑ ለዚሁ ነው። ሦስተኛ፥ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ሐኪሞች ተስማምተዋልና፥ ሰባቱን ሰዓት አስቀድሞ ከቀኑ ላይ ቈርጦ ያኑር፤ ከቀረው ላይ ጭፈራውንና ልምምዱን ያካፍል እንጂ፥ በመጨረሻ የተረፈውን ለእንቅልፍ አይስጥ።

ቡናን መታመኛ የሚያደርጉም አሉ። ቡና የአገራችን በረከት ነው፤ ሆኖም በ2013 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር በብዛት ሲወሰድ፥ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት እንኳ ቢሆን፥ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት የበለጠ እንደሚያጎድል ታውቋል። መጠጥም እንቅልፍን ያመጣ ይመስላል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ ክፍል ይበጠብጣል። ሁለቱም ዕዳን ያስረሳሉ፤ ዕዳን ግን አይከፍሉም።

ለአንድ ሰው የሚሰጥ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ነገሩ የማኅበርም ነው። ጭፈራው ለምን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሞቃል ቢባል፥ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ጥሩዎቹ ዳንሰኞች ዘግይተው ስለሚመጡ ሌላው ሁሉ ይዘገያል፤ ሌላው ስለሚዘገይም ጥሩዎቹ ይዘገያሉ። ሁሉም እርስ በርሱ ሲጠባበቅ ሌሊቱ ያልቃል። ይህም የሚለወጥ ልማድ ነው። በቦነስ አይረስ እንኳ ከቀትር በኋላ ጀምረው ምሽት ላይ የሚፈጸሙ ሚሎንጋዎች አሉ፤ የሚሄድባቸውም ሰው አልጠፋም። ስለዚህ የአዳራሽ ባለቤቶች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ጭፈራውን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው በአራት ሰዓት ቢፈጽሙ፥ ሠራተኛውንም፥ ስፖርተኛውንም፥ ልጆች ያሉትንም ያገኛሉ እንጂ ገበያቸው አይጎድልም። የስፖርት አሠልጣኞችም የተማሪዎቻቸውን የልብ ትርታና የሩጫ ፍጥነት በመዝገብ እንደሚጽፉ ሁሉ፥ የተኙበትንም ሰዓት ቢጽፉና፥ ያልተኛውን ከመንገድ ልምምድ ቢያግዱ፥ ብዙ አጥንት ከመሰበር ይድናል። የመሥሪያ ቤት አለቆችም ወጣቶቹን «ለምን ትጨፍራለህ፥ ለምን ትሮጣለህ» ብለው ከመገሠጽ ይልቅ፥ በማለዳ በንቃት መገኘታቸውን ብቻ ቢጠይቁ ይሻላል። ጤነኛና ደስተኛ ሠራተኛ ለመንግሥትም ለሕዝብም ጥቅም ነውና።

ይህን ምክር ከባድ ነው የሚል ቢኖር፥ የሌላውን መንገድ መጨረሻ ይመልከት። ሦስቱን ሁሉ ያለ ልክ የያዘ ሰው ለጊዜው የተጠቀመ ይመስለዋል፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን በዳንሱ እግሩ ይከብዳል፥ በውድድሩ ጉልበቱ ይከዳዋል፥ በሥራውም ስሙ ይጎድላል፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይቀራል። ልክ ያበጀለት ሰው ግን ሁለቱንም እስከ ሽምግልና ያደርሳቸዋል፤ ከላይ የጠቀስነው የሃርለሙ ዳንሰኛ ዘጠና ዓመት አልፎት እስኪያስተምር ድረስ እንደ ቆየ።

ክንዱ የተሰበረው ወጣት አሁን ድኗል፤ ቢስክሌቱንም አስጠግኗል። ከአልጋው ሳለ ያንን የወዳጆቹን ክርክር ሲሰማ ቆይቶ፥ «እኔ የምፈራው ዳንሱን ማጣት አይደለም፤ ውድድሩንም ማጣት አይደለም፤ ያችን ሴት ብገጫት ኖሮ ለልጆችዋ ምን እላቸው ነበር» ብሎ እንደተናገረ ሰምተናል። በዚህ አነጋገሩ ከሁሉም የበለጠ ያስተዋለ እርሱ መሆኑን እንመሰክራለን። ዛሬ በቅዳሜ ሌሊት ብቻ ይጨፍራል፤ እሑድም ይተኛል፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ጠግቦ በተኛ ማግሥት ነው። ጨዋታ መልካም ነው፤ ጉልበትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በሌላ ሰው ሕይወትና በሌላ ሰው ጊዜ እንዳይገዙ፥ እያንዳንዱ ሰው ከአዳራሹ ደጃፍ ላይ ሰዓቱን ይመልከት።